ባለቤቱ «እንዳታሸንፉ» ብለው የለመኑኝ ቀን

ኳስ ተጫዋች ሆኖ «አሸንፍ» ያልተባለ የለም። አሰልጣኙ ይለዋል፣ ደጋፊው ይለዋል፣ ፀጉር አስተካካዩ ይለዋል። እኔን ግን አንድ ቅዳሜ ቀን፣ ከጎንደር በላይ ያለችው ኮሶዬ ላይ፣ ጥብስ ከፊቴ ተቀምጦ፣ የክለባችን ባለቤት «ነገ እንዳታሸንፉ» ብለው ለመኑኝ። ቀልድ አልነበረም። ሰውየው ቀልድ የሚያውቁ ሰው አልነበሩም። እናንተ በእኔ ቦታ ብትሆኑ ምን ታደርጉ እንደነበር እያሰባችሁ አንብቡልኝ።

በመጀመሪያ ያኔ ማን እንደነበርኩ ልንገራችሁ። ስሜ ፈንታሁን ነው። ጎንደር ከተማ ተወልጄ ያደግኩ የመሪጌታ ልጅ ነኝ። አባቴ በሰፈራችን ደብር ዜማ ያስተምራሉ፤ እኔንም ለዚያው አስበውኝ ነበር። ዳዊት ደገምኩ፣ ጾመ ድጓ ጀመርኩ። ከዚያ ከደብሩ አጥር ጀርባ ያለው ሜዳ በለጠብኝ። አባቴ አልተቆጡም። «ከዜማ የሸሸ የመጀመሪያው ሰው አንተ አይደለህም። ወደ ኳስ የሸሸ ግን አላየሁም» አሉና ተዉኝ። እኔም በረኛ ሆንኩ።

ክለባችን የሚገኘው ከአዘዞ አለፍ ብሎ ፀዳ ነው። ስሙን አልጠራም፤ ብጠራውም የዚያ አካባቢ ሰው ካልሆናችሁ አታውቁትም። ባለቤቱም፣ ስፖንሰሩም፣ ገንዘብ ያዡም፣ አንዳንዴ ወጌሻውም አንድ ሰው ነበሩ፤ ጋሽ አዛናው። ወፍጮ ቤት፣ ከወፍጮ ቤቱ ጎን ትንሽ ፔንሲዮን፣ እና አንድ የጭነት መኪና ነበራቸው። ወደ እግር ኳስ የገቡት ኳስ ወደው አይደለም። የሰፈሩ ልጆች ኳስ እየለጉ የወፍጮ ቤቱን ቆርቆሮ ሲደበድቡባቸው «አዲስ ኳስ ልግዛላችሁና እዚያ ማዶ ሄዳችሁ ተጫወቱ» አሉ። ልጆቹ ማዶ ሄዱ። ቀጥሎ ማሊያ ጠየቁ። ቀጥሎ አሰልጣኝ ጠየቁ። ጋሽ አዛናው እምቢ ማለት ስለማይችሉ ከዓመታት በኋላ ሊግ ውስጥ የሚወዳደር ክለብ ባለቤት ሆነው ተገኙ።

በጀት የሚባለው የእሳቸው የካፖርት ኪስ ነበር። ኪሱ ሲሞላ ደሞዝ ይከፈለናል፤ ሲጎድል ዱቄት ይሰፈርልናል። ዱቄት ተሸክሜ ቤት ስገባ አባቴ «ዛሬ ተጫወታችሁ ወይስ አስፈጫችሁ?» ይሉኝ ነበር። ጓንቴ ሲቀደድ የወፍጮው ሠራተኛ በጆንያ መስፊያ ይሰፋልኛል። ወደ ሌላ ከተማ የምንጓዘው በጭነት መኪናው፣ ከእህል ጆንያ ጋር ነው። ስንደርስ መጀመሪያ ጆንያው ይራገፋል፣ ከዚያ እኛ እንራገፋለን። አንድ ጊዜ ነጭ ከለበሰ ቡድን ጋር ልንጫወት ስንወርድ ዳኛው አየንና «ማሊያችሁ ተመሳስሏል፣ ቀይሩ» አለን። ማሊያችን ሰማያዊ ነበር። ዱቄቱን አራግፈን ተጫወትን።

እንዲህ ሆነን በዚያ ዓመት ማሸነፍ ጀመርን። እንዴት እንደሆነ ስማቸው የሚባለው አሰልጣኛችንም ሊያስረዳ አይችልም። እሱ የትምህርት ቤት የስፖርት መምህር ነው፤ ታክቲኩ «ኳስ ሲደርሳችሁ ቶሎ ስጡ» የሚል ብቻ ነበር። ካፒቴናችን ባዩ ደግሞ የኮሶዬ ገበሬ ልጅ ነው፤ ተከላካይ፤ እሱን አልፎ የሚመጣ አጥቂ እኔ ዘንድ ሲደርስ ደክሞታል። እየተጓተትን የመጨረሻው ጨዋታ ላይ ደረስን። ካሸነፍን ወደ ላይኛው ሊግ እናልፋለን። እኩል ከወጣን ወይም ከተሸነፍን ተጋጣሚያችን ያልፋል።

ተጋጣሚያችን ፋብሪካ የሚደጉመው ከሌላ ከተማ የመጣ ክለብ ነበር። በትልቅ አውቶቡስ አርብ ዕለት ገቡ። ያረፉት ደግሞ በጋሽ አዛናው ፔንሲዮን ነው፤ ክፍሎቹን በሙሉ ተከራዩ። ችግሩ ከእኛ ተጫዋቾች ግማሾቹ የሚኖሩት እዚያው ፔንሲዮን ውስጥ መሆኑ ነው። ጋሽ አዛናው ኪራይ እምቢ አይሉም፤ ስለዚህ ልጆቻችን አልጋቸውን ለተጋጣሚ ለቀው ወፍጮ ቤቱ መጋዘን፣ ጆንያ ላይ ተኙ። ባዩ ብቻ ትንሽ አጉረመረመ። «የኔ ብርድ ልብስ ሸጋ ነበር፤ ለአጥቂያቸው ሆነ» አለ።

ቅዳሜ ጠዋት ቀለል ያለ ልምምድ ሠርተን ስንጨርስ ጋሽ አዛናው መጡ።

«ፈንታ፣ ኮሶዬ ደርሰን እንመለስ። ገብስ የምጭነው አለ።»

አሰልጣኙ ደነገጠ። «ጋሼ፣ ነገ ጨዋታ ያለው በረኛ ጆንያ ሊሸከም ነው?»

«አይሸከምም። ይቀመጣል።»

መንገዱ ሰላም የሆነበት ሳምንት ነበር። እሳቸው እየነዱ፣ እኔ ከጎናቸው ሆኜ፣ ከተማውን አቋርጠን የደባርቅን መንገድ ያዝን። ዳገቱን ስንጨርስ ጉሙ መንገዱ ላይ ተኝቷል፤ ብርዱ በመስኮቱ ክፍተት ይገባል። እኔ በልቤ «ደሞዝ ሊጨምሩኝ ነው» እያልኩ ነበር። ሞኝነቴን እዩልኝ።

ኮሶዬ ስንደርስ ገብሱን የሚሸጡት ገበሬ ጋቢያቸውን ተከናንበው መንገድ ዳር ቆመው ጠበቁን።

«አያ አዛናው! ምነው ጠፋህ? ልጆችህ ነገ ያሸንፋሉ አሉ?»

«ይላሉ» አሉ ጋሽ አዛናው። ሰውየው ደስታ የጠበቁ ይመስለኛል፤ ያገኙት ግን ይህን ነው።

ጭነቱ እስኪያልቅ መንገድ ዳር ካለች ምግብ ቤት ገባን። በዓለ ሃምሳ ነበርና ጾም የለም። ጋሽ አዛናው ጥብስ አዘዙ፤ ሲመጣ ወደ እኔ ገፉት።

«እርስዎስ?»

«ሆዴን አሞኛል። ብላ።»

መብላት ጀመርኩ። ጋሽ አዛናው ኮፍያቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። መልሰው አደረጉት።

«ፈንታ፣ ላይኛው ሊግ ምን እንደሆነ ታውቃለህ?»

«አውቃለሁ ጋሼ። ነገ ካሸነፍን የምንገባበት ነው።»

«እሱን አይደለም። ስንት እንደሆነ ታውቃለህ?»

ሊግ ዋጋ እንዳለው አስቤው አላውቅም።

«እኔ ጠይቄአለሁ» አሉ። «መመዝገቢያ አለው። ማስያዣ አለው። ደሞዝ ወር ጠብቆ በባንክ መግባት አለበት። ዱቄት አይቀበሉም፤ እሱንም ጠይቄአለሁ። ከዚያ ጅማ አለ፣ አርባ ምንጭ አለ፣ ድሬዳዋ አለ። ሰው በጭነት ማኪና ማመላለስ ክልክል ነው ይላሉ። በዚያ ላይ ማኪናው የለም።»

በመስኮት ወደ ውጭ አየሁ። መኪናው እዚያው ቆሟል። ገብስ እየተጫነበት ነው።

«አለ እኮ ጋሼ።»

«ሰኞ የለም። ሸጬዋለሁ፤ ገንዘቡም የዚህ ዓመት ደሞዛችሁ ሆኖ አልቋል። ገዢው ጨዋ ሰው ሆኖ ዓመቱ እስኪያልቅ ታገሠኝ። ይኼ የመጨረሻ ጭነቱ ነው።»

ጥብሱን ገፋ አደረግኩት።

«እትዬ የሺ ያውቃሉ?» አልኩ። ባለቤታቸው ናቸው።

«ታውቃለች። ‹ማኪናው ሄደ፤ ቀጥሎ ለመሸጥ የቀረሁት እኔ ነኝ› ብላኛለች።»

ይህን ያሉት ሳይስቁ ነው። እኔም አልሳቅኩም። ከዚያ ወደ ጠረጴዛው ጠጋ አሉና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ልጄ፣ ነገ እንዳታሸንፉ።»

በደንብ ሰምቻቸዋለሁ፤ ግን «ምን አሉኝ?» አልኩ።

«ተሸነፉ አላልኩም። መሸነፍ የለባችሁም፤ ለፍታችኋል። እኩል ውጡ። የእኛ ልጆች ጎል ካገቡ አንተ አንዲት አሳልፍ። አንዲት ብቻ። እጅህ ትንሽ ትዘግያለች፣ ሰውም ‹ምን ያድርግ፣ ኳሷ ፈጣን ነበረች› ይላል።»

«ለምን ለእኔ ነገሩኝ ጋሼ?»

«ለአሥራ አንድ ሰው ጥብስ ማዘዝ አልችልም።»

እውነታቸውን ነበር። አንድ ሰው ለመለመን የሚበቃ አቅም ነበራቸው፤ ያንን አንድ ሰው መረጡ።

«ለምን ‹ከዚህ በላይ አልችልም› ብለው አይናገሩም? ሰው እኮ ይረዳል።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። «ዛሬ ብናገር ‹በጨዋታው ዋዜማ ልጆቹን ገደላቸው› ይላሉ። ካሸነፋችሁ በኋላ ብናገር ‹ከደጃፍ መለሳቸው› ይላሉ። ካላሸነፋችሁ ግን ‹እግዜር አልፈቀደም› ይላሉ። እግዜር ይችለዋል። እኔ ግን የምኖረው ፀዳ ነው።»

እያየኋቸው ነበር። ካፖርታቸው ክርኑ ላይ ሳስቷል። ስንት ጊዜ አይቼው እንደነበር አላውቅም፤ ያየሁት ግን ያኔ ነው።

«ላስብበት ጋሼ።»

«አስብ። ጥብሱን ግን ጨርስ፤ ተከፍሎበታል።»

ጨረስኩት። ጣዕሙን እስካሁን አላውቀውም።

በዚያው መንገድ ተመለስን። ከተማ ስንደርስ አወረዱኝና ገብሳቸውን ይዘው ወደ ፀዳ ወረዱ። ሰፈሬ የሚያገኘኝ ሰው ሁሉ ትከሻዬን እየመታ «ነገ አደራ» ይለኛል። «እሺ» እላለሁ። ለእሳቸው እሺ አላልኩም፤ ለእነዚህ ሁሉ ግን እሺ ማለት ቀላል ሆኖ አገኘሁት።

አመሻሽ ላይ ቤት ስገባ አባቴ ወደ ደብር ሊሄዱ ነጠላቸውን እያጣፉ ነበር። ስለ ኳስ አንስቼባቸው አላውቅም። የዚያን ዕለት ግን ሌላ የምጠይቀው ሰው አልነበረኝም። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ መኪናውን፣ ጥብሱን፣ ልመናውን። ቆመው ሰሙኝ።

«ሆን ብሎ ማሳለፍ ይቻላል?» ብለው ጠየቁ።

«ይቻላል።»

«ሰው ያውቃል?»

«አያውቅም።»

«እኔ የማውቀው ማኅሌት ነው» አሉ። «ደብሩ ደሞዝ ያልከፈለን ጊዜ ብዙ ነው። ተቀይሞ ማኅሌት የቀረ አለ። ታምሜአለሁ ያለ አለ። ቆሞ ግን ሆን ብሎ ዜማ ያበላሸ አላየሁም።» መቋሚያቸውን አነሱ። «ሳያውቁ የሚያበላሹስ ሞልተዋል።»

«ሰውየውስ አባባ? ያበሉኝ ሰው እኮ ናቸው።»

«ሰውየውን እምቢ በላቸው። በጊዜ በላቸው፤ እምቢታ ሲያድር ይከፋል።»

እሑድ ጠዋት ከቅዳሴ በኋላ በቀጥታ ፀዳ ወረድኩ። ተጋጣሚዎቻችን ፔንሲዮኑ ግቢ ውስጥ እንቁላል በዳቦ ይበላሉ፤ እትዬ የሺ ሻይ ያመላልሳሉ። የእኛ ልጆች ከመጋዘኑ ነጫጭ ሆነው እየወጡ ፊታቸውን ይታጠባሉ። ጋሽ አዛናው ወፍጮው አጠገብ ቆመው አገኘኋቸው። ወፍጮው ቆሞ ነበርና ድምፄን ዝቅ አድርጌ መናገር ነበረብኝ።

«ጋሼ፣ ያሉኝን አልችልም።»

«እሺ።»

የሚቆጡ መስሎኝ ነበር። የሚለምኑኝም መስሎኝ ነበር። ለሁለቱም መልስ አዘጋጅቼ ነበር፤ ለእሺ ግን አልተዘጋጀሁም።

«አልተቀየሙኝም?»

«ምን ያስቀይመኛል? እምቢ ማለት ትችላለህ ማለት ነው። ማን አስተማረህ?»

«ትናንት፣ አባቴ።»

«የእኔ አባት ሳያስተምሩኝ ሞቱ» አሉና የወፍጮውን በር ሊከፍቱ ሄዱ።

ጨዋታው ተጀመረ። ሜዳው ዙሪያውን በሰው ተከቧል። ጋሽ አዛናው የክብር ወንበር ተዘጋጅቶላቸው ነበር፤ አልተቀመጡበትም። በመጀመሪያው አጋማሽም በሁለተኛውም እኔ የምጠብቀው ጎል ጀርባ መጥተው ቆሙ። ዞር ባልኩ ቁጥር አያቸዋለሁ። እጃቸውን ካፖርታቸው ኪስ ውስጥ ከተዋል። ሰው ሁሉ ሲጮህ እሳቸው አይጮሁም።

ተጋጣሚዎቻችን በደንብ ይጫወታሉ። ጫማቸው ያምራል፣ ሲሮጡ ትንፋሽ አያጥራቸውም፤ በባዩ ብርድ ልብስ ሞቀው አድረዋል። የእኛ ልጆች ጆንያ ላይ ያደረ ወገባቸውን ይዘው ይከላከላሉ። ዜሮ ለዜሮ ቆየን። ዜሮ ለዜሮ ማለት ደግሞ የጋሽ አዛናው ውጤት ነው። አንዳንዴ «እንዲህ ሆኖ ቢያልቅ የማንም ጥፋት አይሆንም» የሚል ሐሳብ ይመጣብኛል። ኳስ ሲመጣ ሐሳቡ ይሄዳል።

ሊያበቃ ጥቂት ሲቀረው የማዕዘን ምት አገኘን። ባዩ ወደ ፊት ሄደ። ኳሷ ስትሻገር ከሁሉም በላይ ዘሎ በግንባሩ መታት፤ ገባች። ሕዝቡ አጥሩን ገፍቶ ሊገባ ደረሰ። እኔ ዞሬ ጋሽ አዛናውን አየሁ። እያጨበጨቡ ነበር። ፊታቸው ግን ቤቱ ሲቃጠል ቆሞ እንደሚያይ ሰው ፊት ነው።

ከዚያ የሆነውን ቀስ ብዬ ልንገራችሁ፤ ሕይወቴን የለወጠችው ይቺ ናትና።

ተጋጣሚዎቻችን በሙሉ ወደ እኛ መጡ። ግርግር ሆነ። የእኛው ባዩ ሊያወጣ ሲል ኳሷ እጁን ነካች። ዳኛው ፊሽካውን ነፋና ወደ ነጥቧ ጠቆመ። ፍጹም ቅጣት ምት። ባዩ ሣሩ ላይ ተቀመጠ። ሕዝቡ ዝም አለ።

አጥቂያቸው ኳሷን አስቀመጠ። ረጅም፣ የተረጋጋ ልጅ ነው። ከገባች እኩል ነን። እኩል ከወጣን እነሱ ያልፋሉ። እነሱ ካለፉ ጋሽ አዛናው ይድናሉ። መስመሬ ላይ ቆምኩና እጄን ዘረጋሁ።

ያኔ ከኋላዬ የጋሽ አዛናው ድምፅ መጣ።

«በቀኝህ ነው! ፈንታ፣ በቀኝህ!»

አንባቢዎቼ፣ በእግዚአብሔር፣ ምን ታደርጉ ነበር? ይኼ ሰው ትናንት አንዲት ጎል አሳልፍልኝ ብሎ ለምኖኛል። ዛሬ ጠዋት እምቢ ብዬዋለሁ። ሊያታልለኝ ከፈለገ ከዚህ የተሻለ ጊዜ አያገኝም። በቀኝ ዘልዬ ኳሷ በግራ ብትገባ «በረኛው ተሳሳተ» ተብሎ ያልቃል። እሱ መኪናውን ባያስመልስም ስሙን ያስመልሳል። እውነቱን ከሆነ ደግሞ በገዛ አፉ ራሱን እያከሰረ ነው። እውነቱን የሚናገርበት አንድም ምክንያት አላገኘሁለትም።

አያችሁ፣ በሐሳቤ ውስጥ «እሱ» ብያቸዋለሁ። ጋሽ አዛናውን በሕይወቴ አንቱ ያላልኳቸው ያን ጊዜ ብቻ ነው።

አጥቂው ወደ ኋላ ሄደ። ዳኛው ነፋ። እኔ ድምፃቸውን አሰብኩ። በዚያ ድምፅ «የዚህ ወር ደሞዝ የለም» ሲሉኝ የለም ነበር። «ቅዳሜ ይመጣል» ሲሉኝ ቅዳሜ ይመጣ ነበር። ኮሶዬ ላይ እንኳ እንድዋሽ ለመኑኝ እንጂ እኔን አልዋሹኝም። ልጁ መሮጥ ሲጀምር በቀኜ ዘለልኩ።

ኳሷ በቀኝ መጣች። በጆንያ መስፊያ የተሰፋው ጓንቴ ላይ አረፈችና ወደ ውጭ ወጣች። ከዚያ በኋላ ሰው ላዬ ላይ ስለወደቀ ብዙ አላየሁም።

ጨዋታው ሲያልቅ ሕዝቡ እኛን ትቶ ጋሽ አዛናውን ተሸከመ። በትከሻ ላይ ሆነው ሜዳውን ሲዞሩ ወደ መቃብር እንደሚወሰድ ሰው ተንጋለው ነበር። አንድ ጊዜ በአጠገቤ ሲያልፉ «በላቸው፣ ያውርዱኝ» አሉኝ። ማን ይሰማኛል? በመጨረሻ ሞንታርቦ ወደ ተተከለበት አድርሰው አወረዷቸውና ማይክ አስጨበጧቸው። የመድረኩ መሪ «ጋሽ አዛናው ለመጪው ዓመት ቃል ይገቡልናል!» ብሎ ጮኸ። ሕዝቡ አጨበጨበ።

ጋሽ አዛናው ማይኩን ያዙ።

«ልጆቹ ሸጋ አድርገው ተጫውተዋል» አሉ። «እኔ ጨርሻለሁ።»

ሕዝቡ ንግግሩ ያለቀ መስሎት በጭብጨባ ሜዳውን አናወጠው። ጭብጨባው እስኪያልቅ ጠበቁ።

«ንግግሩን አይደለም» አሉ። «ገንዘቡን ነው።»

በሕይወታቸው የመጀመሪያዋ እምቢታ ይህች ነበረች፤ ከሁለት ቃል አላለፈችም። አንድ ሰው ሳቀ፤ ማንም ስላልተከተለው አቆመ። ጋሽ አዛናው ማይኩን ለመድረኩ መሪ ሰጡና ካፖርታቸውን አስተካክለው በእግራቸው ወጡ። የተሸከማቸው ሕዝብ መንገድ ከፈተላቸው።

ልብሴን ሳልቀይር ተከተልኳቸው። ፔንሲዮኑ በር ላይ ደረስኩባቸው።

«ጋሼ፣ ለምን ነገሩኝ?»

«ምኑን?»

«በቀኝህ ያሉኝን።»

«እሱማ ያ ልጅ ጠዋት ግቢ ውስጥ ኳስ እየለጋ ይኼን በር ደብድቦ አጎድጉዶታል። እየው።» የብረቱን በር አሳዩኝ። «አንዱን ጎን ብቻ።»

«እሱን አይደለም የጠየቅኩዎት። ብትገባ ይሻልዎት አልነበር?»

በሩን በእጃቸው እየዳሰሱ ቆዩ።

«ይሻለኝ ነበር» አሉ። «ግን ልጁ ኳሷን ሲያስቀምጥ ረሳሁት።»

ከዚያ በኋላ ነገሩ በአንድ ቀን አልተስተካከለም። መጀመሪያ ሰው ተቆጣ። «ከደጃፍ መለሳቸው» ያሉም ነበሩ፤ ጋሽ አዛናው እንደፈሩት፣ ቃል በቃል። እሳቸውም በማግስቱ ወፍጮ ቤታቸውን ከፍተው ሠሩ፤ ሰውም ማስፈጨት ስላለበት መጣ። እህል ለማስፈጨት የተሰለፈ ሰው ደግሞ ያወራል። በወሬ መሃል የባጃጅ ሾፌሮቹ «እኛ ትንሽ እናዋጣ» አሉ። የዕድሮቹ ዳኞች ተሰበሰቡ። ማራኪ ግቢ ያሉ የዩኒቨርሲቲ መምህራን መጀመሪያ ምክር ሰጡን፤ ምክር በባንክ እንደማይገባ ስንነግራቸው ከደሞዛቸው ቆረጡልን። የኮሶዬ ገበሬዎች ድንች ላኩ። አሰልጣኝ ስማቸው ጆንያውን እያየ «ዱቄቱ ሲያልቅ ድንች ገባ» አለ። ክለቡ የአባላት ሆነ፤ ጋሽ አዛናው ፈርመው አስረከቡ። እትዬ የሺ ከጎናቸው ቆመው እልል አሉ።

ወደ ላይኛው ሊግ ገባን። ድል በድል ሆንን እንድላችሁ ከጠበቃችሁ ይቅርታ አድርጉልኝ። የመጨረሻ ወጣን። ባዩ ሠንጠረዡን ገልብጦ ሲያየው አንደኛ እንደሆንን ነገረን። በቀጣዩ ዓመት ወደ ነበርንበት ተመለስን። ግን ክለቡ አለ። ደሞዙ ትንሽ ነው፤ ወር ጠብቆ ይገባል። ከዚያ ወዲህ ማንም ሰው ለእኛ ሲል መኪናውን አልሸጠም።

እኔ ዛሬም በረኛ ነኝ፤ ከልምምድ በኋላ ደግሞ ለክለቡ ድጋፍ የምለምነው እኔ ነኝ። ሥራው የመጣብኝ ከዚያ ቀን የተነሣ ነው። እስከዚያ ድረስ የሚሰጥ ሰው ሁሉ ያለው ይመስለኝ ነበር። ስቀበል «ከየት አመጡት?» ብዬ ጠይቄ አላውቅም። አሁን ሱቅ ገብቼ፣ ቢሮ ገብቼ ስለምን ከመጠየቄ በፊት የሰውየውን ክርን አያለሁ። ቶሎ እሺ የሚለኝን ሰው ደግሞ እፈራዋለሁ። «ነገ ልመለስ፣ ዛሬ ቤትዎ ይማከሩ» እለዋለሁ። በዚህ ምክንያት የቀረብን ገንዘብ አለ፤ ኮሚቴውም አንዳንዴ ይነጫነጭብኛል። ይነጫነጭ።

እናንተም ከቤታችሁ፣ ከሰፈራችሁ፣ ከማኅበራችሁ እምቢ ብሎ የማያውቅ አንድ ሰው አታጡም። ጎበዝ ነው፣ ደግ ነው፣ ትሉት ይሆናል። እስቲ አንድ ቀን ጥብስ ጋብዙትና «ከብዶሃል?» ብላችሁ ጠይቁት። ጋሽ አዛናውን አንዳችንም አልጠየቅናቸውም። እኔ የተጋበዝኩት በመጨረሻ ነው፤ ያውም በእሳቸው ገንዘብ።

ወደ ታችኛው ሊግ ተመልሰን የመጀመሪያውን ጨዋታ በሜዳችን ስናደርግ ጋሽ አዛናው መጡ። ከሰው ጋር ተሰልፈው ነበር። ወጥቼ «ጋሼ፣ እርስዎ እኮ በነፃ ነው የሚገቡት» አልኳቸው።

«ተወኝ፣ ልክፈል» አሉ። «በነፃ የገባ ሰው መሳደብ አይችልም።»

ከፍለው ገቡ፤ ጎሌ ጀርባ መጥተው ቆሙ። ገና ጨዋታው ሳይሞቅ ሕፃን የሚይዛት ኳስ በእግሬ መሃል ሾልካ ገባችብኝ። ከኋላዬ፣ ስንት ዓመት ሙሉ ደሞዜን ሲከፍሉኝ ክፉ ቃል ያልወጣው አፍ ተከፈተ፤ ሜዳው ሁሉ ሰማው።

«ምነው አንተ! እጅህን ባንክ አስያዝከው እንዴ?»

ኳሷን ከመረቡ ላወጣ ጎንበስ ስል አየኋቸው። እጃቸው ከካፖርቱ ኪስ ውስጥ ወጥቶ ወደ ላይ ተሰቅሏል፤ ፊታቸው ደግሞ ሊያቅፉኝ ይሁን ሊመቱኝ ሳይለይ ቀልቷል። እንዲህ ደስ ብሎኝ ጎል ገብቶብኝ አያውቅም።